የቆመው ኳስ በዳላስ

የእግር ኳስ ታሪካችን ሲጻፍ ውጤቱና የተጫዋቾቹ ስም ይመዘገባል፤ ግቡ እንዴት እንደ ገባ ግን እምብዛም አይነገርም። ከዚህም የተነሣ ሽንፈታችንን የምናስታውሰው ወይ ዕድል እንደ ከዳን፣ ወይ ዳኛ እንደ በደለን አድርገን ነው። ኳስ ከቆመ በኋላ ስለሚገቡ ግቦች፣ ማለትም ስለ ማዕዘን ምት፣ ስለ እጅ ውርወራና ስለ ቅጣት ምት መመርመር የሚሻ ሰው ከአንድ የዳላስ ጨዋታ ቢጀምር ይበጀዋል። ዳላስ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2018 የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር የተካሄደባት፣ ለወገኖቻችን እንግዳ ያልሆነች ከተማ ናት።

ሐምሌ 2 ቀን 1986 ዓ.ም. (ጁላይ 9፣ 1994) ብራዚልና ሆላንድ በኮተን ቦል ስታዲየም ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። የአሠልጣኝ ፓሬራ ቡድን ዱንጋንና ማውሮ ሲልቫን ከተከላካዮቹ ፊት ያሰለፈ፣ ከሁሉ በፊት ግቡን የሚጠብቅ ቡድን ነበር፤ በቀደሙት አራት ጨዋታዎች የገባበት አንድ ግብ ብቻ ነው። ሮማሪዮ በ53ኛው፣ ቤቤቶ በ63ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ። ቤቤቶ አዲስ ስለ ተወለደ ልጁ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ክንዶቹን ሲያወዛውዝ ዓለም ሁሉ አየ። ይሁን እንጂ ደስታው ሳይበርድ በ64ኛው ደቂቃ ከአንድ እጅ ውርወራ በርካምፕ ተከላካዮቹን አልፎ አገባ። በ76ኛው ደቂቃ ኦቨርማርስ የማዕዘን ምት አሻማ፤ በረኛው ታፋሬል ኳሱን ሳይደርስበት ዊንተር ቀድሞ በቴስታ መታው፤ ጨዋታውም 2 ለ 2 ሆነ።

ብራዚል በዚያ የዓለም ዋንጫ በሰባት ጨዋታዎች የገቡባት ግቦች በጠቅላላው ሦስት ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ በዳላስ፣ በ12 ደቂቃ ልዩነት፣ ከቆመ ኳስ የገቡ ናቸው። ምክንያቱ ከአጋጣሚ በላይ ነው። ኳስ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ተከላካይን የሚረዳው የ“ከጨዋታ ውጭ” ሕግ በእጅ ውርወራና በማዕዘን ምት ጊዜ አይሠራም። አጥቂው በፈለገው ቦታ ይቆማል፤ ተከላካዩም በአንድ ዐይኑ ኳሱን፣ በሌላው ሰውየውን መጠበቅ ይኖርበታል። ኳስ ሲቆም የተከላካይ ሐሳብ አብሮ ከቆመ፣ አስቀድሞ ማን ማንን እንደሚይዝ ካልተወሰነ፣ የግል ችሎታ ብቻውን አያድንም።

ጨዋታውን የጨረሰውም የቆመ ኳስ ነው። በ81ኛው ደቂቃ ብራንኮ የተሰጠውን ቅጣት ምት ከሩቅ አክርሮ መታው፤ ሮማሪዮ ጀርባውን ለምጦ ኳሱን አሳለፈ፤ ብራዚልም 3 ለ 2 አሸነፈች። ብራንኮ የተሰለፈው ሊዮናርዶ በአሜሪካ ጨዋታ በክርኑ ተጋጣሚውን መትቶ በመታገዱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብራዚል በግማሽ ፍጻሜና በፍጻሜ፣ በ210 ደቂቃ ውስጥ፣ አንድም ግብ ሳይገባባት ዋንጫውን በፍጹም ቅጣት ምት ወሰደች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በ2013 (እ.ኤ.አ.)፣ በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት፣ ከናይጄሪያ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጠመ። በጥር በሩስተንበርግ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሁለቱም ግቦች ቪክተር ሞዘስ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያስቆጠራቸው ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበሩ። በጥቅምት በአዲስ አበባ ለዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ ቢያገባም ኢመኒኬ ሁለት አስቆጠረ፤ ሁለተኛው በ90ኛው ደቂቃ የተመታ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። በኅዳር በካላባር ደግሞ አንዱ ግብ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሌላው ቅጣት ምት ሆነ። ከስድስት ግቦች አምስቱ ከቆመ ኳስ መሆናቸው ነው።

በርግጥ የፍጹም ቅጣት ምት ጥፋት የሚፈጸመው ኳሱ ከመቆሙ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከማዕዘን ምት ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ነገር ግን ሥሩ ይቀራረባል፤ ድካም በጸናበትና ሐሳብ በተበተነበት ሰዓት ሥርዓት መጠበቅ አለመቻል ነው። የብራዚል ተከላካዮች ከቤቤቶ ደስታ በኋላ የሳቱት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ዳላስን ለቀው ከወጡ በኋላ ስሕተቱን አለመድገማቸው ነው። እኛ ግን የሩስተንበርግን ሽንፈት በዳኛ አሳበን አለፍን፤ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባና በካላባር ያው በር ተከፈተብን።

ዕድል የተባለ ጉድለት ልምምድ ሜዳ ላይ አይታረምም። ስለዚህ በስደት ያለን የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች ከውጤቱ ጎን ግቡ ከምን እንደ ተገኘ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደ ገባ፣ ማን ማንን ለቅቆ እንደ ነበረ ብንመዘግብ፣ ነገ ቡድኑን ለሚያሠለጥነው ሰው ከሙሾ የሚሻል ውርስ እንተውለታለን።