በስም ተለይቶ በሕክምና ያልተለየ በሽታ
የሎቡላር የጡት ካንሰር አጭር ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በሕክምናው ዓለም ግን ለበሽታ ስም የሚያወጣው ሐኪም ነው፤ የወጣውም ስም ውሎ አድሮ የሕመምተኛዋን ዕድል የሚወስን ይሆናል። ለዚህም የሎቡላር የጡት ካንሰር ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1941 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፓቶሎጂስቶች፣ ፍራንክ ፉትና ፍሬድ ስቱዋርት፣ ወተት በሚያመነጩት የጡት ክፍሎች፣ ማለትም በሎቡሎች ውስጥ ተወስኖ የሚገኝ ልዩ የሕዋስ ዕድገት በማይክሮስኮፕ ተመልክተው «ሎቡላር ካርሲኖማ ኢን ሲቱ» ሲሉ ሰየሙት። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ከሎቡሉ አልፎ ወደ አካባቢው የሚዘልቀውን ወራሪ ዓይነት ለይተው ገለጹ። የዚህ ካንሰር ሕዋሳት ትናንሽ ናቸው፤ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ መቋጠር፣ አንዱ የሌላውን ፈለግ እየተከተለ በቀጭን ሰልፍ ይገባሉ።

ይሁን እንጂ «ካርሲኖማ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ፍርድ ተቆጠረ። ሁለቱ ሊቃውንት ለውጡ በጡት ውስጥ በብዙ ስፍራ የተበታተነ መሆኑን በማየት ጡቱ እንዲወገድ መከሩ፤ ከዚህም የተነሣ ወራሪ ካንሰር ያልተገኘባቸው ብዙ ሴቶች ጡታቸውን አጡ። በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ኩሽማን ሃገንሰንና ባልደረቦቻቸው በክትትል ብቻ የቆዩትን ሴቶች ታሪክ መረመሩ። ለውጡ ወደ ፊት በሁለቱም ጡቶች ካንሰር ሊነሣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ምልክት መሆኑን በመግለጽም ስሙ እንዲለወጥ፣ ሕክምናውም ጥንቃቄ የተሞላበት ክትትል እንዲሆን አሳሰቡ። ክርክሩ ግን በቶሎ አልተዘጋም። የካንሰርን ደረጃ የሚመድበው የአሜሪካ የጋራ ኮሚቴ ይህን ለውጥ ከካንሰር ደረጃዎች ያወጣው በ2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በስምንተኛው እትሙ ነው።

የወራሪው ሎቡላር ካንሰር ዕጣ ደግሞ ተቃራኒ ነበር፤ በስም ቢለይም በሕክምና ሳይለይ ቀረ። ከጡት ካንሰር ሁሉ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመያዝ ዳክታል ከሚባለው ቀጥሎ በሁለተኛነት ይገኛል። ሆኖም በታላላቅ የሕክምና ሙከራዎች ውስጥ አብላጫዎቹ ባለ ዳክታል ሴቶች ስለሆኑ፣ ውጤቱ በጅምላ ሲሰላ የጥቂቶቹ ጉዳይ በብዙኃኑ ተዋጠ።

የልዩነቱ ሥር የተገኘው ዘግይቶ ነው። ጃፓናዊው ሊቅ ማሳቶሺ ታኬይቺ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙትን ካድሄሪን የተባሉ ፕሮቲኖች ካስተዋወቁ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢ-ካድሄሪን የተባለው በሎቡላር ካንሰር ውስጥ እንደሚጠፋ ታየ። በ1995 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ የሚሠራበት ጂን በዚህ ካንሰር ውስጥ ተበላሽቶ እንደሚገኝ አረጋገጡ። ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው ጭቃ ከግንቡ ተሟጦ ወጣ እንደ ማለት ነው። እነሆ፣ ፉትና ስቱዋርት በዓይናቸው ያዩት የሕዋሳት መለያየት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ምክንያቱ ታወቀ።

ይህ ባሕርይ በሕመምተኛዋ ላይ የሚያስከትለው ቀላል አይደለም። ሕዋሳቱ ስለማይቋጠሩ ጠጣር እብጠት ላይኖር፣ ማሞግራፊም ጥርት ያለ ምስል ላይሰጥ ይችላል፤ ኤም አር አይ በዚህ ረገድ የተሻለ ያያል። ካንሰሩ ሲሠራጭ ወደ አጥንት ብቻ ሳይሆን ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን፣ ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀትና ወደ እንቁልጢ ሊሄድ ይችላል። አብዛኛው የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው በመሆኑ ፀረ-ሆርሞን መድኃኒት ሲጠቅመው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሚሰጥ ኬሞቴራፒ ግን የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሁለት ጠቃሚ ሥራዎች ታተሙ። አንደኛው 127 የሎቡላር ዕባጮችን የጂን መዝገብ መርምሮ በሽታው በሞለኪውልም ደረጃ የተለየ መሆኑን አስረዳ። ሁለተኛው፣ ታሞክሲፌንን ከሌትሮዞል ጋር ያነጻጸረውን የ1998 ዓ.ም. ሰፊ ሙከራ እንደገና ተመልክቶ፣ የሌትሮዞል ብልጫ ሎቡላር ባለባቸው ሴቶች ዘንድ ይበልጥ ጎልቶ እንደሚታይ ገለጸ። ወደ ኋላ ተመልሶ የተደረገ ትንተና በመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም፣ መልሱ በመዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቅ እንደነበረ ግን ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒትስበርግ ከተማ ለዚሁ በሽታ ብቻ የተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ያለ በቂ ማስረጃ የተሰጠ ስም ጤነኛውን ጡት አስቆርጧል፤ በማስረጃ የተሰጠ ስም ደግሞ ሳይሠራበት በመቅረቱ ሕመምተኛይቱን አጉድሏል። ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ የካንሰሩን ዓይነት በውጤት ወረቀቱ ላይ ለይቶ ይጻፍ፤ ሐኪሙም ምስሉ ንጹሕ ነው ብሎ «ጡቴ ጠጠረብኝ» የምትለዋን ሴት አይመልስ። ቀድሞ በሎቡላር ካንሰር የታከመች ሴት ከዓመታት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ ብትመጣ፣ የጨጓራ መድኃኒት ከመጻፉ በፊት የቀድሞ መዝገቧን ይግለጥ። ተመራማሪውም ቢሆን ሎቡላሩን ከዳክታሉ ለይቶ ይቍጠር። ኤም አር አይ በሁሉም ስፍራ ላይገኝ ይችላል፤ ማይክሮስኮፕ፣ ብዕርና የሚያዳምጥ ጆሮ ባሉበት ሁሉ ግን ይህን ማድረግ ይቻላል።