ዜናሆሙ ለዋልያስ

የዋልያስ ባንድ ዜና እንዲህ ነው። ጸሐፊው በባሌ፣ በጎባ ከተማ ተቀምጦ ጻፈው። በልጅነቱ ከጎባ ሮቤ በአውቶቡስ ሲመላለስ፣ ከሹፌሩ ራስጌ ከተሰካው ቴፕ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ካሴቱ ከሸክላ የተገለበጠ ነውና ሽፋኑ ላይ የማንም ስም አልነበረም። ልጁ ረዳቱን ጠየቀ። ረዳቱም፦ «ዋልያስ ነው፤ ቁጭ በል» አለው።

ነገሩ የተጀመረው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ ነው። ከዚያ በፊት የዘመናዊ ባንድ ሙዚቀኛ አብዛኛው ወታደር ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው፤ ጥሩንባውም መለዮውም የመንግሥት ነው። በደብረ ብርሃን የተወለዱት ኃይሉ መርጊያ እንኳ ገና በጉርምስናቸው ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው ነበር።

ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባ የሌሊት ክበቦች በዙ። የሌሊት ክበብ ሙዚቀኛ መለዮ አይለብስም፤ ነገር ግን ኦርጋኑም ጊታሩም የባለቤቱ ነው። ከባለቤቱ የተጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ቬኑስ በሚባለው ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ይህን አይተው መከሩ፤ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ፤ ስማቸውንም ዋልያስ አሉ። ጸሐፊው የነገሩን ሁሉ ሥር ከዚህ ይቆጥራል። መሣሪያው የራሱ የሆነ ሰው ተነሥቶ መሄድ ይችላል፤ በኋላም እንደምናየው ሄዱ።

ስለ ስሙም ጥቂት እንበል። ዋልያ የስሜን ተራራ እንስሳ ነው። በእኛ በሳኔቲ ሜዳ ቀይ ቀበሮ አለ፣ በዲንሾ ደጋ አጋዘን አለ፤ ዋልያ ግን የለም። በዚያው ዘመን አይቤክስ የሚባል ሌላ ባንድ ነበረ፤ አይቤክስም ያው ዋልያ ነው፣ በፈረንጅ አፍ። አንድ ፍየል ሁለት ባንድ ወለደ ማለት ነው። ያኛው ኋላ ስሙን ለውጦ ሮሃ ተባለ፤ ዋልያስ ግን በስሙ ጸና።

በዚያን ጊዜ በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ በሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ በጥሩንባ ዮሐንስ ተኮላ፣ በጊታር ማሕሙድ አማን፣ በቤዝ መላኬ ገብሬ፣ በከበሮ ተማረ ሐረጉ ነበሩ። ዘፋኝና ዜማ አቀናባሪ ግርማ በየነም ከእነርሱ ጋራ ነበሩ። ሥራቸው በሂልተን ሆቴል ሆነ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ ነገሠ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ሌሊት በመንገድ የተገኘ ይያዛል፣ የባሰም ይደርስበታል። ሆኖም ሰው ጭፈራውን አልተወም። ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ አዳራሹ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ አይወጣም። ሙዚቀኛውም ታዳሚው መውጫ የለውምና እስከ ንጋት ይጫወታል። ከአዋጅ እንዲህ ያለ ፍሬ ይወጣል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አገዟቸው። ቃል የሌለበት ሙዚቃ ለብቻው በሸክላ መውጣቱ ያኔ ብርቅ ነበር። ስሙን ግን ለባሌ ሰው መተርጎም አያሻም። እኛ የፈረስ አገር ሰዎች ነን፤ ቼ ማለትን ከእናት ጡት ጋራ ነው የምንማረው።

በ1981 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ ወዲያ ዓመቱ ሁሉ እንዲሁ ነው) ከዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዘመናዊ ባንድ ከኢትዮጵያ ወደዚያ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ያዳመጣቸውም የሚበዛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ የራሳቸው ሰው ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ግርማ፣ ሞገስ፣ መላኬና ኃይሉ በዚያው ቀሩ፤ ኋላም ዙላ ባንድን አቆሙ። ሌሎቹ ተመለሱ።

በዚያ የቀሩት ነገር ብዙ ተወርቷል። ግርማ በየነ ለብዙ ዘመን ሙዚቃን ተዉ፤ በ2017 ብቻ አዲስ አልበም ይዘው ተመለሱ። ኃይሉ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ። ከአውሮፕላን ጣቢያው ተራቸውን ሲጠብቁ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ካሴታቸውን አንድ አሜሪካዊ በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጡ።

የተመለሱትን ግን የሚያወራላቸው ጥቂት ነው። ኦርጋኑ፣ ሳክስፎኑና ቤዙ ጎድሎ፣ ሰዓት እላፊው ሳይነሣ፣ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ የጎደለውን በሌላ ሰው ሞልተው ባንዱን መሩ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስም ስሙን ይዘው ዘለቁ። ጸሐፊውን ዋልያስ የማን ነው ብትሉት የእነዚህ ነው ይላል፤ የሚቃወመው ካለ ጎባ መጥቶ ይከራከረው።

«ቼ በለው» ዳግም በታተመ ጊዜ ስሞቹ ከነመሣሪያቸው ተጽፈው መጡ። ጸሐፊው መነጽሩን አድርጎ እየቆጠረ ወረደ። ያኔ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሁለት ጣቱ በጉልበቱ ላይ ሲከተለው የነበረው ከበሮ የተማረ ሐረጉ ኖሯል።