ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ሴቶች

ስሙኝማ የደጋን ልጆች! አቦሉ እስኪወርድ አንድ ወግ ጀባ ልበላችሁ።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በእኛ በኩል፣ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ጣልያን እንደሠራው ሁላችሁም ሰምታችኋል። መንገዱን ተከትሎ ስለመጣው ሕግ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማም።

ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ገባባት። ዓመት እንዳለፈ፣ በሚያዝያ 1929፣ ጣልያን አንድ ሕግ አወጣ። ጣልያናዊ ከሀገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በ1932 ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ ከሁለቱ የተወለደውን ልጅ አባቱ «ልጄ ነው» እንዳይል ተከለከለ። አስቡት እስቲ! አባቱ በሕይወት እያለ በአዋጅ አባት የሌለው ሕፃን!

ይህን ሕግ ለማስከበር የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪ፣ ብቻውን አልበቃም። ወንዶቹ ከሀገሬው ሴት እንዲርቁ ሚስቶቻቸው ይምጡላቸው ተባለ። የፋሽስት ፓርቲ የሴቶች ክንፍ እዚያው ኢጣልያ ኮርስ ከፍቶ ወጣት ሴቶችን ለቅኝ ግዛት ኑሮ ያዘጋጅ ጀመር። ከቤት አያያዙና ከጤና አጠባበቁ ጋር የዘር ክብርም ይሰበክላቸው ነበር። ጠመንጃ አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው ሥራ ቤቱን የነጭ ቤት አድርጎ መጠበቅ፣ ልጃቸው ከማን ጋር እንደሚጫወትና ማንን ጌታ፣ ማንን አሽከር ብሎ እንደሚያድግ መወሰን ነበር።

ትምህርት ቤቶቻችንስ ምን ሆኑ? አዲስ አበባ የነበረው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተነጥቆ ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ተሰጠ፤ በንጉሣቸውና በሙሶሊኒ ስም ተጠራ። ሴቶች ልጆቻችን ይማሩበት የነበረው እቴጌ መነን ወታደራዊ ሆስፒታል ሆነ። ለሀገሬው ልጅ የቀረለት ለብቻው የተከለለ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚማረውን ነገር ልክ ለማወቅ ኤርትራን ማየት ይበቃል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመራው አንድሬያ ፌስታ ለርእሳነ መምህራኑ ያስተላለፈው መመሪያ እንዲህ ነበር፦ አራተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ጣልያንኛ በመጠኑ ይናገር፣ መደመር መቀነስ፣ ማባዛት ማካፈል ይወቅ፤ ከታሪክ ኢጣልያን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ካወቀ ይበቃዋል። የገዛ አያቱ የሠራው ታሪክ በመማሪያው የለም። ከሚያስተምሩት መካከል የካቶሊክ እኅቶች ነበሩ። አንዳንዷ ልጆቹን ከልቧ ትወዳቸው ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ያ ትምህርት ለልጅ የቀረበው በቁጣ ብቻ ሳይሆን በእናት አንደበትም ነው።

የዘር የበላይነትን በሴቶች እጅ ለልጅ ማስተማር ግን የጣልያን ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባርነትን ለማቆየት ተዋግተው የተሸነፉት የደቡብ ሰዎች ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1894 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ሐውልት አቆሙ፤ ከሐውልቱ ይልቅ የበረታው ሥራቸው ግን በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። የጆርጂያዋ መምህርት ሚልድረድ ራዘርፎርድ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈች፤ የመማሪያ መጽሐፍ መለኪያ ናት። ባሪያ አሳዳሪውን ጨካኝ ነበር የሚል መጽሐፍ ይጣል፤ ጦርነቱ ባርነትን ለማቆየት የተደረገ ነው የሚልም ይጣል። በቤተ መጻሕፍት ያሉት ደግሞ ደቡብን የሚበድሉ ናቸው የሚል ጽሑፍ በርእስ ገጻቸው ላይ ይስፈርባቸው አለች። ብዙ ትውልድ በዚያ መለኪያ በተመረጠ መጽሐፍ ተምሮ አደገ።

እንዲህ የተማረ ልጅ አድጎ ምን እንዳደረገ ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ እንየው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1960። ሩቢ ብሪጅስ የምትባል የ6 ዓመት ጥቁር ሕፃን፣ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው ዊሊያም ፍራንዝ ትምህርት ቤት በፌደራል ፖሊስ ታጅባ ትገባለች። ደጃፉ ላይ ተሰብስበው የሚሳደቡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አስወጡ፤ በየጠዋቱም እየመጡ ይጮሁባት ጀመር። አንዷ ጥቁር አሻንጉሊት በትንሽ የሬሳ ሣጥን አድርጋ ይዛ መጣች። እናንተዬ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን አይታ ክፍል ገብታ ፊደል ትቁጠር?

ቆጠረች! ከቦስተን የመጣችው ነጭ መምህርት ባርባራ ሄንሪ ዓመቱን ሙሉ ሩቢን ብቻዋን አስተማረቻት። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሌላው መምህር ሁሉ እምቢ ሲል ያቺ አንዲት ሴት ማስተማሯን አልተወችም።

ለእኛም እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረችን። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስትያዝ፣ የመጀመሪያ እትሙ የዚያኑ ቀን ቀን የያዘ ጋዜጣ አቋቋመች፤ ስሙ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ነው። የራሷ መንግሥት ወረራውን ሲቀበል ዝም አላለችም። በ1948 ዓ.ም. ጠቅልላ መጥታ አዲስ አበባ ተቀመጠች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ቀን ዐረፈች፤ የተቀበረችውም ሥላሴ ካቴድራል ነው። ስለዚህ ነጭ ሴት ሁሉ ከደጃፍ ቆማ ጮኸች አልላችሁም። እያንዳንዷ መርጣ ነው የቆመችው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በጣልያን ጊዜ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት የገባ አያት ያለው ቤት ካለ፣ መጽሐፉ ላይ ምን ሥዕል እንደነበረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ስለ አድዋ ምን እንደነገሩት ጠይቁልኝ። በሚቀጥለው ቡና እናንተ አውሩ፤ እኔ አዳምጣለሁ።