«የሞት ጥላ» ወይስ «ድቅድቅ ጨለማ»? ጻልማዌት የተባለው ቃል ታሪክ



መዝሙር 23ን የማያውቅ አማኝ የለም ማለት ይቻላል። ልጆች በቃላቸው ይይዙታል፤ በለቅሶ ቤት ይነበባል፤ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይጸለያል። ቁጥር 4 ላይ ስንደርስ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ እዚያ «የሞት ጥላ» አለና። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ለሚሞት ሰውና ለሐዘንተኛ ብቻ እንደ ተጻፈ አድርገን እንይዘዋለን። ሥራ ያጣው፣ ትዳሩ የተናጋበት፣ ሌሊቱ አልነጋ ያለው ወንድም ግን «ይህ ቃል ለእኔም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? መልሱን ለማግኘት ከቃሉ በስተ ጀርባ ያለውን ዕብራይስጥና የተጓዘበትን ታሪክ አብረን እንመልከት።

ጨለማ በዕብራይስጥ ብዙ ስም አለው

በዕብራይስጥ የተለመደው የጨለማ ስም «ሖሼክ» ነው። በዘፍጥረት 1፥2 በጥልቁ ላይ የነበረው ጨለማ ይህ ነው። «አፌላ» የሚባለው ደግሞ የጠነከረ ጨለማ ነው፤ በግብፅ ላይ ሦስት ቀን የወረደው ጨለማ (ዘጸ. 10፥22) በሁለቱ ቃላት በአንድነት ተገልጿል። «ዐራፌል» የሚለው ቃል ጥቅጥቅ ያለ ደመናንና ጨለማን ያሳያል። ሙሴ በሲና ተራራ ወደ እርሱ ቀረበ፤ እግዚአብሔር በዚያ ነበረና (ዘጸ. 20፥21)።

አራተኛው ቃል «ጻልማዌት» ነው። በብሉይ ኪዳን 18 ጊዜ ይገኛል፦ 10 ጊዜ በኢዮብ፣ 4 ጊዜ በመዝሙር፣ 2 ጊዜ በኤርምያስ፣ አንድ አንድ ጊዜ በኢሳይያስና በአሞጽ። በመዝሙር 23፥4 «የሞት ጥላ» ተብሎ የተተረጎመልን ይህ ቃል ነው።

አምስት ፊደላት፣ ሁለት ንባቦች

የጥንቱ ዕብራይስጥ የሚጻፈው በተነባቢ ፊደላት ነበር፤ አናባቢውን አንባቢው ከልቡ ይጨምራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአክሱም ዘመን የነበሩት ቀደምት የግዕዝ ጽሑፎችም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት የፊደል መለያ ምልክቶች አልነበሯቸውም።

ቃላችን ጻዴ፣ ላሜድ፣ ሜም፣ ዋው፣ ታው በሚባሉ አምስት ፊደላት ይጻፋል። እነዚህ ፊደላት በሁለት መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ። ለሁለት ከተከፈሉ «ጼል» ጥላ፣ «ማዌት» ሞት ማለት ነውና «የሞት ጥላ» ይሆናል። እንደ አንድ ቃል ከተወሰዱ ግን ንባቡ «ጻልሙት» ወደሚመስል ይሄዳል፤ ሥሩም «ጨለመ» ማለት ይሆናል።

የመጀመሪያው ንባብ በጣም ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግሪክ ሲተረጉሙ፣ ማለትም የሰባ ሊቃናት ትርጉም በተባለው ሥራ፣ መዝሙሩን «የሞት ጥላ» ብለው አስቀመጡት። ማሶሬታውያን የተባሉት የአይሁድ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዓመት ድረስ የአናባቢ ምልክት ሲጨምሩም ይህንኑ ንባብ ጠበቁ። ስለዚህ «የሞት ጥላ» የኋላ ዘመን ፈጠራ አይደለም።

ሁለተኛውም ንባብ ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። ከ1040 እስከ 1105 የኖረው ታላቁ የአይሁድ ተርጓሚ ራሺ መዝሙር 23ን ሲያብራራ፣ ይህ ቃል በየቦታው ጨለማ ማለት እንደ ሆነ ጽፏል፤ ይህን ፍች የሰጠው ከእርሱ በፊት የነበረው የቋንቋ ሊቅ ዱናሽ ቤን ላብራት እንደ ሆነም ይጠቅሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሦርና የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች መነበብ ሲጀምሩ ደግሞ በአካድ ቋንቋ «ጻልሙ» ጥቁር ማለት ሆኖ ተገኘ። በዐረብኛም «ዙልማ» ጨለማ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀን ግን ዘመዱ በቤታችን መኖሩ ነው። ግዕዝ «ጸልመ» ይላል፤ ጨለማውንም «ጽልመት» ይለዋል። የእኛው «ጨለማ» የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። እንዲሁም የዕብራይስጡ «ጼል» የግዕዙ «ጽላሎት» እና የአማርኛው «ጥላ» ዘመድ ነው። የግዕዙ ዳዊት የግሪኩን ተከትሎ «ጽላሎተ ሞት» ሲል፣ «ጽልመት» የሚለው ቃል እዚያው ቋንቋ ውስጥ ነበረ።

ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ወደ «ድቅድቅ ጨለማ» ያዘነብላሉ። አንዱ ምክንያታቸው፣ በዕብራይስጥ ሁለት ስሞች ተጣብቀው አንድ ቃል መሆናቸው እንደ ባስልኤል («በአምላክ ጥላ») ካሉ የሰው ስሞች ውጪ እምብዛም አለመኖሩ ነው። ሌሎች ግን የጥንቱን ንባብ ይይዛሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ዴቪድ ዊንተን ቶማስ በ1962 ባወጣው ጥናት «ሞት» የሚለው ክፍል የጥላውን ጥልቀት የሚያጎላ ነው ብሏል፤ እኛም «ለሞት የሚያደርስ ብርድ» ስንል የብርዱን ብርታት ማጉላታችን ነው። ማርቲን ሉተር በጀርመንኛ ትርጉሙ «ጨለማ ሸለቆ» ሲል፣ በ1611 የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የሞት ጥላ ሸለቆ» አለ።

ቃሉ የሚገኝባቸው ቦታዎች ምን ይነግሩናል?

የቃል ትርጉም የሚታወቀው በሥሩ ብቻ አይደለም፤ በሚውልበት ቦታም ነው። ጥቂቶቹን እንይ።

በኢዮብ 28፥3 ማዕድን ፈላጊው በምድር ሆድ ውስጥ ድንጋይ የሚፈልግበት ጨለማ ጻልማዌት ነው። በኢዮብ 24፥17 ሌባና አመንዝራ ንጋትን እንደ ጻልማዌት ይፈሩታል። በኤርምያስ 2፥6 እስራኤል ከግብፅ ወጥታ የተጓዘችበት ውኃ የሌለው ምድረ በዳ በዚህ ቃል ይገለጻል። በመዝሙር 107፥10 በብረት የታሰሩ እስረኞች የተቀመጡበት ነው። በአሞጽ 5፥8 እግዚአብሔር ጻልማዌትን ወደ ንጋት የሚለውጥ አምላክ ነው፤ ወደ ንጋት የሚለወጠውም ጨለማ ነው።

ሞትስ ከቃሉ ወጣ ማለት ነው? አልወጣም። በኢዮብ 38፥17 የሞት ደጆችና የጻልማዌት ደጆች ጎን ለጎን ቆመዋል። በኢዮብ 10፥21-22 ኢዮብ ሳይመለስ ስለሚሄድበት ምድር ሲናገር ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። እንግዲህ ጻልማዌት መቃብርንም ይጨምራል፤ በመቃብር ብቻ ግን አይወሰንም። ጉድጓዱ፣ እስር ቤቱ፣ ምድረ በዳውና ሞት ራሱ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ይገባሉ።

በገሊላ የነበረው ጨለማ

ይህ ቃል የታሪክ መልክም አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ733 ገደማ የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ወደ ሰሜን እስራኤል ወጣ። ገሊላንና የንፍታሌምን አገር ሁሉ ወሰደ፤ ሕዝቡንም ወደ አሦር አፈለሰ (2ኛ ነገ. 15፥29)። የዛብሎንና የንፍታሌም ምድር ከእስራኤል ቀድመው ከተደፉት መካከል ነበሩ። ኢሳይያስ በጻልማዌት ምድር ስለሚኖሩ ሰዎች የተናገረው (ኢሳ. 9፥1-2) ስለ እነዚህ ነበር። ጨለማቸው ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ የጠፋ ርስት፣ የተለየ ቤተሰብ፣ የባዕድ ቀንበር ነበረ።

ከ700 ዓመት በላይ አለፈ። ጌታችን ኢየሱስ አገልግሎቱን ሲጀምር ናዝሬትን ትቶ በባሕሩ አጠገብ፣ በዛብሎንና በንፍታሌም አገር ባለችው በቅፍርናሆም ተቀመጠ። ማቴዎስም ይህን አይቶ የኢሳይያስን ቃል ጠቀሰ (ማቴ. 4፥13-16)። ጨለማ አስቀድሞ የወደቀበት አገር ብርሃንን አስቀድሞ አየ። ዘካርያስም ገና ከዚያ በፊት፣ ዮሐንስ በተወለደ ጊዜ፣ ከላይ የሚጎበኘን ብርሃን በጨለማና በሞት ጥላ ለተቀመጡት እንደሚያበራ ትንቢት ተናገረ (ሉቃ. 1፥78-79)።

ለእኛ ምን ይላል?

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «ትርጉሞች ከተለያዩ እንዴት እናምናለን?» የሚል ይኖራል። ወዳጃችን ሆይ፣ ያየነውን አስተውል፦ ፊደላቱ አምስቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ንባቦች ወደ አንድ ሸለቆ ይወስዱናል፤ በሸለቆውም ያለው እረኛ አንድ ነው። በእጅህ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ያለ ፍርሃት አንብብ።

ከዚያም መዝሙሩን እንደ ገና እንየው። ዳዊት በለመለመው መስክና በዕረፍት ውኃ ዘንድ ሳለ ስለ እግዚአብሔር «እርሱ» እያለ ይናገራል። ጻልማዌት ውስጥ ሲገባ ግን አነጋገሩ ይለወጣል፤ «አንተ» ይለዋል። በብርሃን ስለ እረኛው ያወራ የነበረ በጨለማ ከእረኛው ጋር ይነጋገራል። ዳዊት ጨለማው የለም አላለም፤ በትርና ምርኩዝ የያዘው እረኛ አብሮት ስላለ አልፈራም።

እንግዲህ ይህ ቃል ለሚሞተው ብቻ አይደለም። በባዕድ አገር ወረቀት አጥቶ ለሚጨነቅ፣ በእስር ቤት ላለ፣ ልጁን ለቀበረ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ለከበደበትም ነው። የሞት ሰዓት ሲመጣም ቃሉ ያው ይበቃል፤ እረኛችን ራሱ ወደ ሞት ገብቶ በሦስተኛው ቀን ወጥቷልና። ዛሬ በየትኛው ሸለቆ ነን? ስለ እርሱ ከመናገር አልፈን «አንተ» ብለን እንጥራው።

ጻልማዌትን ወደ ንጋት የሚለውጥ አምላክ ሌሊታችሁን ያንጋ። አሜን።