ገንዘባችንና የባሕር በራችን፤ ከባቲ ገበያ ሲታዩ

የአንድ አገር የውጭ ንግድ የሚጸናው በታመነ ገንዘብና በባሕር በር ነው። ይህ ጉዳይ ለብዙዎቻችን የመናገሻ ከተማና የሚኒስቴር ሥራ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን በዞናችን በባቲ ሰኞ ሰኞ የሚቆመውን ገበያ ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ሁለቱም በደጃችን ያለፉ መሆናቸውን ይረዳል።

በቀድሞ ዘመን አፋሩ ግመል፣ ፍየልና ጨው፣ ደገኛው ደግሞ እህሉን ይዞ ሲገናኝ መገበያያው ጠገራ ብር ነበር። ይህ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ይመታ ነበር። ሕዝቡም መልኩን ለይቶ ስለሚያውቅ እጅግ ያምነው ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ብር እንኳ ሊተካው አልቻለም።

ነገር ግን በሰው ገንዘብ የሚገበያይ አገር ጉልበቱ በሰው እጅ ነው። ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. የዚህን ብር መምቻ ከኦስትሪያ ተቀበለች። ስለዚህ ወራሪው እኛ የምናምነውን ብር ራሱ እየመታ ሊገበያይበት ቻለ። ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ ይህ ጉድለት ተሟላ።

የባሕሩ በር ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ወደ አሰብ ያደርሳል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ አሰብ ከዋና ወደቦቻችን አንዱ ሆነ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆንም በስምምነት ስንጠቀምበት ቆየን። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ግን ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የወጪና የገቢ ዕቃ በጅቡቲ ያልፋል። ንግዱን ያቆመው የተራራ መናድ ወይም የድልድይ መፍረስ አልነበረም፤ የስምምነት መጥፋት ነው።

እንግዲህ ገንዘብን መንግሥት በአዋጅ ሊያወጣ ይችላል፤ መተላለፊያን ግን ያለ ጎረቤት ፈቃድ ማግኘት አይቻልም። የባቲ ገበያተኛ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ቆላና ደጋ ተቀያይመው ገበያ አይቆምምና። ተማሪዎች ሆይ፤ ነገ የአገራችንን ውል የምትዋዋሉ እናንተ ናችሁና ከሒሳቡ ጋር የጎረቤቶቻችንን ቋንቋና ታሪክ ተግታችሁ ተማሩ።