ሴንት ሉዊስ ቢል ራስልን ለምን አሳልፋ ሰጠች?

ሰኔ በመጣ ቁጥር የኤንቢኤ ተከታታዮች አንድ የማያልቅ ክርክር ይገጥማሉ። ከፍተኛ የድራፍት ተራ የደረሰው ክለብ ተራውን ይዞ ገና ያልተፈተነ ልጅ ይምረጥ? ወይስ ተራውን ለሌላ ክለብ ሰጥቶ የተፈተነ ተጫዋች ይቀበል? ክርክሩ ሲጦፍ ታዲያ አንዱ ተነስቶ «የሴንት ሉዊስን ነገር አትርሱ» ማለቱ አይቀርም። በ1956 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሴንት ሉዊስ ሆክስ በእጁ የነበረውን ሁለተኛ ተራ ለቦስተን ሴልቲክስ ሰጠ። ቦስተን በዚያ ተራ ቢል ራስል የሚባል ረጅም ልጅ ወሰደ። ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልውውጥ የጅልነት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

እኔ ጅልነት ነው በሚለው አልስማማም። እንዲያውም ጅልነት ማለት ሴንት ሉዊስን በነፃ ማሰናበት ይመስለኛል። እስቲ ሒሳቡን ከመጀመሪያው እንየው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ዝውውር ለለመደ ሰው ድራፍት ግር ይላል። አርሰናል አንድ ልጅ ካማረው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ይገዛዋል፤ አለቀ። በአሜሪካ ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች ክለቦች በተራ ነው የሚመርጡት። በአመዛኙ ያለፈውን ዓመት በሽንፈት ያሳለፈው ቀድሞ ይመርጣል፤ ደካማው እንዲጠነክር ታስቦ ነው። ተራው ራሱ ደግሞ ንብረት ነው። ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፦ ዕጣ የወጣለት ሰው ዕጣውን ለቸኮለ ጓደኛው አሳልፎ እንደሚሸጠው ማለት ነው። ሻጩ ተጎዳ ወይስ ተጠቀመ የሚለው የሚታወቀው ገዢው በገንዘቡ ምን እንዳደረገበት ከታየ በኋላ ነው።

በ1956 ቸኩሎ የነበረው ቦስተን ነው። አሠልጣኙ ሬድ አወርባክ ክለቡን ከያዘ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ዋንጫ የለም። ቦብ ኩዚን የመሰለ ኳስ አቀባይ፣ ቢል ሻርማንን የመሰለ ተኳሽ፣ ኤድ ማኮሌን የመሰለ ቀጭን ግን ጎበዝ የመሐል ተጫዋች ነበረው። ያገባሉ፣ ሕዝቡን ያዝናናሉ። የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ሲደርስ ግን በ1954፣ በ1955 እና በ1956 ሦስቴ ተከታትሎ ሰራኪዩዝ አሰናበታቸው። ምክንያቱም ቅርጫቱን ስቶ የሚመለሰውን ኳስ ታግሎ የሚይዝላቸው ሰው አልነበረም። ሩጫ የሚወድ ቡድን ኳሱን ካልያዘ በምን ይሮጣል?

አወርባክ የራስልን ስም የሰማው በዩኒቨርሲቲ ካሠለጠነው ከቢል ራይንሃርት ነው። ራስል ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲን ሁለት ዓመት ተከታትሎ የአገር ሻምፒዮን አድርጓል፤ ቡድኑ በእሱ ጊዜ 55 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ይህን ካየን «ታዲያ ማን ይጠራጠራል?» እንላለን። ብዙዎች ግን ተጠራጥረዋል። ልጁ ከሩቅ መትቶ አያገባም። ዋና ሥራው የሌላውን ኳስ በአየር ላይ መመለስ ነው፤ ያ ሥራ ደግሞ በዚያ ዘመን በመዝገብ እንኳ አይሰፍርም ነበር። ሊጉ ብሎክ መቁጠር የጀመረው በ1973-74 የውድድር ዘመን ነው፤ ራስል ከጡረታ አራት ዓመት ቆይቶ! የማይቆጠር ነገር ዋጋ ሲወጣለት ከባድ ነው።

ሌላም ሳንካ ነበር። ራስል የአሜሪካን የኦሊምፒክ ቡድን ይዞ ወደ ሜልቦርን ሊሄድ ነው። አውስትራሊያ ወቅቱ ስለሚገለበጥ ውድድሩ የተካሄደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ኦሊምፒክ ደግሞ ያኔ ለአማተር ብቻ ስለነበር ከዚያ በፊት ለክለብ መፈረም አይችልም። (ያ ሜልቦርን የእኛም የመጀመሪያ ኦሊምፒክ ነው፤ ኢትዮጵያ 12 ስፖርተኞች ልካለች።) ስለዚህ የሚመርጠው ክለብ የውድድር ዘመኑን ያለ እሱ ይጀምራል።

አንደኛው ተራ የሮቼስተር ሮያልስ ነበር። ሮቼስተር ሞሪስ ስቶክስ የሚባል ኃይለኛ ሪባውንድ ያዥ ስለነበረው ሌላ ረጅም ሰው አላስቸገረውም፤ ራስል ይፈልገዋል የተባለው የፊርማ ገንዘብ ደግሞ ለድሃ ክለብ ከባድ ነበር። ሲሁጎ ግሪንን መረጠ። አወርባክ ዕድሜ ልኩን ያወራው የነበረ ጣፋጭ ታሪክ አለ፦ የቦስተኑ ባለቤት ዋልተር ብራውን «ራስልን ከተውክልኝ የበረዶ ላይ ጭፈራ ቡድኔን ወደ አዳራሽህ እልክልሃለሁ» ብሎ የሮቼስተሩን ባለቤት አግባባው የሚል። እውነትነቱን የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ያለ ጭፈራውም የሮቼስተር ምክንያት በቂ ነበር። ግሪን ኮከብ ሳይሆን ቀረ፤ ስቶክስ ደግሞ በመጋቢት 1958 ጨዋታ ላይ በጭንቅላቱ ወድቆ ከቀናት በኋላ ሽባ ሆነ። በዚህ ታሪክ በእርግጥ ባዶ እጁን የቀረ ክለብ ካለ ሮቼስተር ነው፤ ስሙን ግን ማንም አያነሳም።

ወደ ሴንት ሉዊስ እንመለስ። ባለቤቱ ቤን ከርነር ክለቡን ከሚልዋኪ ነቅሎ ያመጣው በ1955 ነው፤ ገና አንድ ዓመቱ። ቲኬት የሚሸጥለት ስም ይፈልጋል። ማኮሌ ደግሞ የሴንት ሉዊስ ልጅ ነው፤ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ ዝና ያተረፈ። በዚያ ላይ ትንሹ ልጁ በማጅራት ገትር ክፉኛ ታሞበት ስለነበር ወደ ቤቱ መመለስ ፈልጓል። ለቦስተን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የሚወዱትን ሰው ሸጡት መባሉ ቀረላቸውና። ከርነር ግን በማኮሌ ብቻ አልረካም። ቦስተን በ1953 መርጦት ውትድርና ላይ የነበረውን፣ ለክለቡ አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወተውን ክሊፍ ሄገንንም ጨምሩልኝ አለ። ጨመሩለት።

አሁን ሚዛኑን እንያዝ። ሁለቱም፣ ማኮሌም ሄገንም፣ ኋላ በቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ሴንት ሉዊስ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በ1958 ዋንጫውን ወሰደ። ዛሬ ለሁለተኛ ተራ ይህን ያህል የሚያገኝ ክለብ ቢኖር ኃላፊውን የዓመቱ ምርጥ ብለን እንሸልመዋለን። ሰውየው በተጫዋች ምዘና አልተታለለም። በርካሽም አልሸጠም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? በውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው።

በ1956 ከሊጉ ስምንት ክለቦች ወደ ደቡብ ጠርዝ ያለችው ሴንት ሉዊስ ነበረች። ጥቁር ደንበኛ የማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች የነበሯት ከተማ ናት። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ያን በር ከከፈተ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም፣ ቦስተን ራሱ በ1950 ቸክ ኩፐርን በድራፍት በመምረጥ በኤንቢኤ የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ጥቁር ኮከብን የክለቡ ፊት አድርጎ ለዚያ ሕዝብ ቲኬት መሸጥ ለከርነር አደጋ ነበር። ራስል ራሱ ኋላ ሲጠየቅ፣ ሴንት ሉዊስ ቢያስቀረኝ ኖሮ ኤንቢኤ ውስጥ አልጫወትም ነበር ብሏል። ይህን ልብ በሉት። ያው አንድ ተራ በቦስተን እጅ ራስል ማለት ነው፤ በሴንት ሉዊስ እጅ ግን ምናልባት ምንም ማለት አይደለም። ከርነር ይህን ቆጥሮ ከሆነ ሒሳቡ ትክክል ነው። የከተማው ጥላቻ ዕቃውን በእጁ ላይ አርክሶበታል፤ እሱም ሳይበላሽበት ሸጠው። ለዚህ ነው ጅልነት የሚለው ቃል የማይጥመኝ። ጅል ሳያውቅ ይስታል። ይህ አውቆ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ቦስተን የጻድቃን መንደር ነበረች እያልኩ አይደለም፤ ፈጽሞ። ራስል በሚኖርበት በሬዲንግ ከተማ ቤቱን ሰብረው ገብተው ግድግዳውን በስድብ ሞልተውለታል። በ1972 ማሊያው ሲሰቀል በተመልካች ፊት አልቆምም ብሏል። ልዩነቱ ክለቡ እንጂ ከተማው አልነበረም፦ አወርባክ ከሕዝቡ ቀድሞ ሄደ፣ ከርነር ሕዝቡን ጠበቀ።

ውጤቱ ለመታየት አንድ ዓመት እንኳ አልፈጀም። ራስል ከሜልቦርን የወርቅ ሜዳልያውን ይዞ ተመልሶ በታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ለቦስተን ሲሰለፍ ተጋጣሚው ማን ነበር? ሴንት ሉዊስ። በሚያዝያ 13 ቀን 1957 ደግሞ ሁለቱ ክለቦች ለዋንጫው በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ተፋጠጡ። ያን ቀን ኩዚና ሻርማን፣ የቦስተን ሁለቱ እጆች፣ ከ40 ሙከራ 5 ብቻ አገቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰራኪዩዝን አስታውሰው ተሸንፈው ይወጡ ነበር። አሁን ግን ራስል 32 ሪባውንድ ያዘ። በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ ላይ የሴንት ሉዊሱ ጃክ ኮልማን ብቻውን አምልጦ ሊያገባ ሲል ራስል ከሜዳው ሌላኛ ጫፍ ተነስቶ፣ ሮጦ ደርሶ፣ ኳሱን መለሰበት። ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫወቱ። ቦስተን 125 ለ123 ሲመራ ጥቂት ሰከንድ ቀረ፤ አሌክስ ሃነም ኳሱን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወርውሮ ከሰሌዳው አላግቶ ለቦብ ፔቲት አደረሰው። ፔቲት ሞከረ። ኳሱ በብረቱ ላይ ተንከባልሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ለሴንት ሉዊስ አንድ ምስክርነት ልስጥ። በዚያው ጨዋታ 37 ነጥብ ያስቆጠረው ቶም ሃይንሶን ከልውውጡ ጋር አይገናኝም፤ ቦስተን በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ የተጫወተ ልጅን አስቀድሞ እንዲወስድ በሚፈቅደው የያኔው ደንብ ነው ያገኘው። ኬ ሲ ጆንስም በዚያው ዓመት በሁለተኛው ዙር ተመርጧል። ስለዚህ 11ዱን ዋንጫ በሙሉ በአንድ ልውውጥ ላይ መጫን ትክክል አይደለም።

በ1958 ሴንት ሉዊስ ተበቀለ። ራስል በሦስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ፔቲት በስድስተኛው 50 ነጥብ አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰዱ። ያ ቡድን በኤንቢኤ ታሪክ አንድም ጥቁር ተጫዋች ሳይዝ ዋንጫ የበላ የመጨረሻው ቡድን ነው። ከዚያ በኋላ ቦስተን ስምንት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ ከስምንቱ በሁለቱ፣ በ1960 እና በ1961፣ ፍጻሜ ላይ የተሸነፈው ሴንት ሉዊስ ነው። በ1968 ክለቡ ወደ አትላንታ ሄደ።

የዚህ ልውውጥ የመጨረሻ ሂሳብ ግን ለእኔ የተወራረደው በዋንጫ ጨዋታ አይደለም፤ በወዳጅነት ጨዋታ ነው። በጥቅምት 1961 ቦስተንና ሴንት ሉዊስ በኬንታኪዋ ሌክሲንግተን እንዲጫወቱ ተዘጋጀ። ምክንያቱ ክብረ በዓል ነበር፦ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ያደጉትን ሁለት ልጆች፣ የቦስተኑን ፍራንክ ራምሲንና የሴንት ሉዊሱን ክሊፍ ሄገንን፣ በሜዳቸው ለማክበር። ከጨዋታው በፊት ሳም ጆንስና ሳች ሳንደርስ ባረፉበት ሆቴል ቡና ቤት ሊበሉ ቢቀመጡ ጥቁር አናስተናግድም ተባሉ። ለራስል ነገሩት። ራስል አልጫወትም አለ፤ የቦስተን ጥቁር ተጫዋቾች በሙሉ፣ ከሴንት ሉዊስም ዉዲ ሶልድስቤሪና ክሊዮ ሂል አብረው እምቢ አሉ። አወርባክ ሊያግባባቸው ሞክሮ አልሆነለትም። ሻንጣቸውን ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ።

ጨዋታው ግን አልተሰረዘም። በቀሩት ነጮች ብቻ ተካሄደ፤ ከአምስት ዓመት በፊት በራስል የተለወጠው ክሊፍ ሄገንም በዚያ ምሽት በአገሩ ሕዝብ ፊት ተከበረ።