ከጦቢያ እስከ ሰብለ ወንጌል፦ ሴራና ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ልቦለድ

በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በጁባ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩት ደራሲ ታባን ሎ ሊዮንግ፣ ገና ወጣት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ምሥራቅ አፍሪካ በሥነ ጽሑፍ ጠፍ ሆናለች በማለት አማረው ነበር። በዚያው ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ለአንባቢ ቀረበ። መጽሐፉ ግን በአንድ ሌሊት የበቀለ አይደለም። ከኋላው የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥረት አለ። ይህንን ጉዞ በሴራ አወቃቀር በኩል ባጭሩ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ሴራ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። «ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ተሰደደ» ብንል ወሬ ነው። «በሬውን ስለ ሸጠ የሚያርስበት አጥቶ ተሰደደ» ብንል ምክንያትና ውጤት ተያያዙ፤ ሴራ ተጀመረ። «ከጎረቤት በሬ መለመን ውርደት ስለ መሰለው ተሰደደ» ብንል ግን ሰውየውን አወቅነው። ሴራና ገጸ ባሕርይ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ ልቦለድ ፈር ቀዳጅ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታተመ። በዚህ ታሪክ አባት በጦርነት ይማረካል፤ ልጁ ዋሕድ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ድርጊቱን ወደፊት የሚገፋው በአብዛኛው አጋጣሚ ነው። ጦቢያም ከመነሻ እስከ መድረሻ ያቺው ውብና ደግ ጦቢያ ናት። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ልንቆጥረው አይገባም፤ ደግ ሰው ተፈትኖ የሚካስበት የተረት ወግ ነውና።

በ1925 ዓ.ም. የወጣው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» አንድ እርምጃ ይራመዳል። በፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው በተዝካርና በጋብቻ ልማድ ነው። ግጭቱ ከአስተሳሰብ ልዩነት መነጨ ማለት ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ስንደርስ አወቃቀሩ ይረቃል። በዛብህ የወላጆቹ ስእለት ነው፤ ስእለቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰጠው፤ ትምህርቱም ለመምህርነት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አገባው። ፊታውራሪ በበኩላቸው በዘር ኩራታቸው ለልጃቸው የሚመጥን ባል በማጣታቸው ሰብለ ወንጌል ሳታገባ ቆየች። እንግዲህ መምህሩንና ተማሪዋን ያገናኛቸው ዕድል ብቻ አይደለም፤ የወላጆች እምነትና የአባት ትዕቢት ነው። ሁለቱን ያገናኘው ያው ምክንያት መልሶ ይለያያቸዋል።

ሰብለም በመጨረሻ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። ከጦቢያ ጋር እናነጻጽራት። ዘዴው አንድ ነው፤ ሴቶቹ ግን ይለያያሉ። ጦቢያ ከአባቷ ጋር ትሄዳለች፤ ሰብለ የአባቷን ቤት ጥላ ትሄዳለች። አንደኛዋ መልኳን ለወጠች፤ ሁለተኛዋ ራሷም ተለወጠች። በርግጥ በዛብህን መንገድ ላይ የሚጥሉት ወንበዴዎች አጋጣሚ ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ያዋለው ፍቅሩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1962 ዓ.ም. በታተመው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ ትግሉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አበራ ወርቁ በሥዕል ፍላጎቱና በኑሮው መካከል ከራሱ ጋር ይታገላል።

ይህ ለክፍላችን ምን ይጠቅማል? ተማሪዎቻችን በሚጽፏቸው ድርሰቶች ታሪኩ ሲጠብባቸው ዋናውን ሰው መኪና ይገጨዋል። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። እኛም ፊታውራሪ መሸሻን «የባላባት ሥርዓት ምሳሌ» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ከመሄድ በቀር ሰውየው ለምን እንዲያ እንደ ሆኑ ስንቴ ጠይቀናል? ስለዚህ አንድ መልመጃ እናቀርባለን። ከልቦለዱ አንድ ባሕርይ አውጥተን፣ ለምሳሌ ፊታውራሪ ትሑት ቢሆኑ፣ የትኛው ድርጊት እንደሚፈርስ ተማሪዎቹ ያመልክቱ። ከዚያም የራሳቸውን ድርሰት በዚሁ ሚዛን ይመዝኑ። መኪናው ባይገጨው ሰውየው ምን ያደርግ ነበር? መልስ ያጣ ተማሪ የፈጠረውን ሰው ገና አላወቀውም።

ታባን ሎ ሊዮንግም በማማረር ብቻ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1968 ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከሄንሪ ኦዎር አኒዩምባ ጋር በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ የትምህርቱ እምብርት እንዲሆን ጠየቁ። ጠፍ መሬት የሚለማው ሲታረስ ነው፤ የእኛም እርሻ የመማሪያ ክፍላችን ነው።